የአንድ ዙር ፖሊሽ ዋጋ

ልጄ፣

ሰባ አራት ዓመት ሞልቶኛል። ባልዲዬን እኔው እሸከማለሁ። የቤታችንን ደረጃ የማንንም እጅ ሳልይዝ እወጣለሁ፤ አሥራ አንድ ነው፣ ሰባተኛው ጠርዙ ተሸርፏል፣ እዚያ ላይ እግሬን አነሳ አድርጌ አልፈዋለሁ። ሸሚዜን እተኩሳለሁ። ጺሜን እላጫለሁ፤ አገጬ ቢደማ ምላጩ ስለዶለዶመ ነው። ሻይ ስቀዳ ጣቴን ከብርጭቆው አፍ ላይ አደርጋለሁ፣ ሙቀቱ ጣቴን ሲነካኝ አቆማለሁ፣ ጠብታ አላፈስም። ፖሊሽ ማሽኑን ይዤም ግማሽ ቀን እቆማለሁ፣ እጄ አይንቀጠቀጥም። ይህን የምዘረዝርልህ እንድታዝንልኝ ሳይሆን እንዳታዝንልኝ ነው።

አንተስ እንዴት ከርመሃል? ሳሉ ለቀቀህ ወይ? የምትተኛበት ክፍል መስኮቱ ይገጥማል ወይ? እግርህን እርጥበት እንዳያገኘው፣ ካልሲ ደራርብ። ስለ እግርህ ለምን እንደጠየቅኩ ኋላ ትደርስበታለህ። እኔ ደህና ነኝ፣ ቤቱም ደህና ነው። የእናትህ ወንበር እንዳስቀመጥነው መስኮቱ ሥር አለ፤ እዚያው ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ።

ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። በቀን አንድ ገጽ፣ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ወረቀቱ ላይ በደንብ ስታርፍ። ከመስመሩ ሥር ማስመሪያ አኖርና እሱን ተከትዬ እሄዳለሁ። ፊደሌ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቶ ብታገኘው እየተገፋፋ መሆኑን እወቅ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን እኔ ልጻፍልዎት፣ እርስዎ ይናገሩ ብላኝ ነበር። ልጄን በአስተርጓሚ አላናግርም አልኳት። እንግዲያው ፊደልዎን ያሳንሱት፣ አንድ ደብተር ሊጨርሱ ነው አለች። ፊደሌ የሚተልቀው ትልቅ ሰው ስለሆንኩ ነው አልኳት። ሳቀችብኝ። ልሳቅባት ብዬ አስቤ ነበር፣ አልመጣልኝም።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም ትል ይሆናል። ሞክሬአለሁ። ሦስት ጊዜ ይህን ልነግርህ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አወራሁህ። በሦስተኛው እንኳ አባባ፣ እዚያ ጎርፍ ነው እንዴ ብለኸኝ ነበር። ጎርፍ አልነበረም፤ ካፊያም አልነበረም።

ከሰሌዳው ልጀምር።

በጋራዡ በር ላይ የሰቀልካት ሰሌዳ ዛሬም አለች። አንድ ዙር ፖሊሽ፤ ትንሽ መኪና ዘጠኝ መቶ፣ መካከለኛ አንድ ሺህ ሁለት መቶ፣ ትልቅ አንድ ሺህ ስድስት መቶ። ከሥር በትንንሽ ፊደል፤ አንድ ዙር ከጭረቱ ግማሽ ያህሉን ያነሳል እንጂ ሁሉንም አያነሳም። እኔን ያነደደችኝ ያቺ የታችኛዋ መስመር ናት። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የማውቀው ሦስት ዙር ነው። መጀመሪያ በሻካራው ስፖንጅ፣ ቀጥሎ በመካከለኛው፣ መጨረሻ በለስላሳው። ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ግን መኪናው ሲወጣ ሰው ጺሙን ይላጭበታል። አንተ መጥተህ አባባ፣ ሰው ሁለት ቀን መኪናውን ጥሎ የሚሄድበት ዘመን አለፈ አልከኝ። አንድ ስፖንጅ፣ አንድ ፖሊሽ፣ አንድ ዙር፤ ጠዋት አስገብቶ ከሰዓት ይወስዳል፣ የሚያነሳውንና የማያነሳውን አስቀድመን እንነግረዋለን አልከኝ። እኔ ምን አልኩህ? ይሄማ ግማሽ ፀጉር ቆርጦ ግማሽ ዋጋ የሚቀበል ፀጉር አስተካካይ ነው አልኩህ። ከጎናችን የሚሠራው ጎማ ጠጋኝ ሰምቶ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰሌዳዋን ግማሽ ፀጉር ነው የሚላት። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀው እንኳ ወደ ግማሽ ፀጉር ሂድ፣ እሷ ትነግርሃለች ይላል።

ዋጋ አቆራረጥህም አይጥመኝም ነበር። እኔ መኪናውን አንድ ጊዜ እዞራለሁ፣ ኮፈኖውን በእጄ ጀርባ ዳበስ አደርጋለሁ፣ ዋጋውን እናገራለሁ። አንተ ግን መብራት ይዘህ ሦስቴ ትዞራለህ፣ ቁጢጥ ትላለህ፣ ያችን የቀለም ውፍረት መለኪያህን አሥር ቦታ ላይ ትለጥፋለህ፣ ባለቤቱን ማን ነው የሚያጥብልህ፣ የት ነው የምታቆመው፣ ከዚህ በፊት ተቀብቶ ያውቃል ወይ ብለህ ትጨቀጭቃለህ። ትዳር ልትጠይቀው ነው ወይ እልህ ነበር። ደግሞ ጥቁር መኪና በመጣ ቁጥር ቀጠሮ ሞልቷል ብለህ ትመልሳለህ። አንድ ሰኞ ሦስት ጥቁር መኪና መልሰህ ሙሉ ቀን ባዶ እጃችንን ተቀመጥን፤ በደንበኛ ፊት ሰነፍ ብዬ ሰደብኩህ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እኔ ሳልደርስ ማሽኑ ቀለሙን እንዳያቃጥለው የመኪናውን ጠርዝ ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ትሸፍን ነበር። እኔ ፕላስተር ለምኔ? አርባ አንድ ዓመት ጠርዝ በእጄ ነው የማውቀው። እየላጥኩ እጥለው ነበር። አንተ ዝም ብለህ መልሰህ ትለጥፍ ነበር።

ዝም ማለትህን ፍርሃት ብዬው ነበር ልጄ።

ያን ቀን አንተ ስፖንጅ ልትገዛ ሄደሃል። አዋላጇ መጡ፣ አንተን ያዋለዱት። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ያችን ትንሽ ጥቁር መኪናቸውን ለልጅ ልጃቸው ሊሰጡ ስለሆነ ታበራ ዘንድ ፈለጉ። ስንት ነው አሉኝ። አንድ ጊዜ ዞርኩ፣ በእጄ ጀርባ ዳበስኩ፣ ለእርስዎ አምስት መቶ አልኳቸው። ሰሌዳው እኮ ዘጠኝ መቶ ይላል፣ ደግሞ ግማሹን ብቻ ነው የማነሳው ይላል አሉ። ሰሌዳው የልጁ ነው፣ የልጁ አባት ደግሞ እኔ ነኝ፣ አንዲት ጭረት ሳላስቀር መስታወት አድርጌ እመልስልዎታለሁ አልኩ።

ነገሩን አሁን ሳስበው ያዞረኛል። የሁለት ቀን ሥራ ቃል ገብቼ የግማሽ ቀን ሥራውን ዋጋ እንኳ ቆራረጥኩት። ለምን? ሴትየዋን ስለማከብር ነው ብዬ ለራሴ ስነግረው ከረምኩ። አይደለም። ጎማ ጠጋኙ እየሰማ ስለነበር ነው። ሰሌዳዋን ላሳፍራት ስለፈለግኩ ነው። አንተን ላሳፍርህ ማለት ነው።

አንድ ዙር ሠራሁ። ጭረቱ ለቆ እንደሆን ለማወቅ በእጄ ጀርባ ዳበስኩት። ጭረት በእጅ እንደማይገኝ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ምናልባት አልለቀቀ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። እንደገና ሠለስኩት። ከዚያ ሻካራውን ስፖንጅ አጠለቅኩና ኮፈኖው ላይ ተኛሁበት። ጠርዙ ላይ ፕላስተር የለም፤ የሚለጥፈው ሰው ስፖንጅ ሊገዛ ሄዷል። አንድ ጊዜ የተቃጠለ ቀለም ሽታ ሸተተኝ። ከበያጆቹ ነው የሚመጣው አልኩ። ያን ቀን ብየዳ አልነበረም። ይህንንም አውቅ ነበር።

ማግስቱን አዋላጇ መኪናዋን ይዘው ተመለሱ። ጥፍር የሚያህል ግራጫ፣ ኮፈኖው ጠርዝ ላይ። ቀለሙ አልቆ ሥሩ ወጥቷል። ያለ የሌለ ሰው ቆሟል፤ ቦታውን የሚያከራየን ባለ ጋራዡ፣ ጎማ ጠጋኙ፣ ቀለም ቀቢዎቹ። ይሄን ማን ነው የሠራው አሉ። አንተ ከኋላዬ ዕቃ እያወረድክ ነበር።

መጨረሻ ላይ ኮፈኖውን የነካው ልጁ ነው አልኩ።

እንዲህ ብዬ ነው ያልኩት፤ ልጄ እንኳ አላልኩም፣ ልጁ አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። አንተ የያዝከውን ከረጢት መሬት ላይ አስቀመጥክ። የምትለኝን ጠበቅኩ። ድምፅህ ከአጠገቤ ሲመጣ ትዝ ይለኛል፤ አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ በራሴ ወጪ አስቀባዋለሁ አልክ። እሳቸውም ድሮም ችኩል ነበርክ፣ እናትህን ሁለት ሳምንት ቀድመህ ነው ያስጮህካት፣ አሁንም አልበረደልህም አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ልጄ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከሁሉም ከሁሉም ሌሊት የማያስተኛኝ እሱ ሳቅ ነው።

ለራስህ ማሽን መግዣ ካስቀመጥከው ላይ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ለቀለም ቀቢው ከፈልክ። ባለ ጋራዡ ከእንግዲህ በግቢዬ የደንበኛ መኪና አትንካ አለህ። በሳምንቱ ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ። በር ላይ ቆመህ ሰባተኛውን ደረጃ ተጠንቀቅ አባባ ብቻ ነው ያልከኝ። እኔ ደግሞ ደረጃውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እኔን ልታስተምረኝ ነው ወይ አልኩህ። እንዲህ ተለያየን።

ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ትናንት አልጻፍኩም፤ ደመና ነበር።

ስለ ደብተርህ ልንገርህ። ከሄድክ በኋላ ከስፖንጆቹ ሣጥን ሥር እጄ አገኘው። የደንበኞች ስልክ የያዝክበት መሰለኝና መነጽሬ ጠፍቶኝ ስለነበር ለልብስ ሰፊዋ ወሰድኩላት። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች እያነበበችልኝ ነበር። እስቲ ምን ይላል አልኳት። አንድ ዙር፣ ትንሽ መኪና፣ አባባ ሲሠራው ይላል አለች።

እኔ ስሠራው? አልኳት።

አባባ ሲሠራው ነው የሚለው አለች፤ ዝም ብለው ይስሙ አለችኝ። ማጠብ ሠላሳ ደቂቃ፣ በቅንፍ እኔ። ጠርዝ መሸፈን ሃያ ደቂቃ፣ እኔ፣ ከመምጣቱ በፊት። ኮፈኖ ሠላሳ ደቂቃ። ዕረፍት አሥራ አምስት። ወንበር አይቀበልም፤ ጎማውን እይልኝ በለው፣ ቁጢጥ ብሎ ያርፋል። ጣራ አርባ ደቂቃ። ዕረፍት አሥራ አምስት። የኋላውን ጎማ እይልኝ በለው።

ልጄ፣ ያቺን እስቲ ይቺን ጎማ እይልኝ አባባ የምትለኝን ነገር። አዋቂ ስለሆንኩ የምታማክረኝ መስሎኝ ነበር። ቁጢጥ ብዬ፣ ጀርባዬን መኪናው ላይ ደገፍ አድርጌ፣ ጎማውን በእጄ እየመታሁ ገና ነው፣ ሁለት ዓመት ይሄዳል እያልኩ እፈርድልህ ነበር። ጉልበቴ እስኪመለስ ድረስ ስለ ጎማ አስተምርህ ነበር። አንተም አሃ፣ አሃ ትለኝ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ቀጠለች። እስከ መጨረሻው ድረስ አምስት ሰዓት ቆጥረህልኛል። እሱ ራሱ ቢሠራው ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል ብሎ ከጎኑ ጽፏል አለችኝ። ሳሙናውን፣ የስፖንጁን ማለቅ፣ የቦታ ኪራዩን ቆጥረህ፣ በኔ አምስት ሰዓት አባዝተህ ነው ዘጠኝ መቶ ላይ የደረስከው። እኔ ከሰማይ ያወረድከው ቁጥር ነበር የመሰለኝ። ከሥሩ የኔ ድርሻ የሚል አለ አለች። ስንት ይላል አልኳት። የልብስ ስፌት መኪናዋን አቆመች። ዜሮ ይላል አባባ አለችኝ።

ይበቃኛል ልላት ነበር። ገና ነው፣ ሁለት መስመር ይቀራል አለች። አንዱ፦ ጥቁር አትቀበልለት፤ ነጭና ብርማ ብቻ። ሌላው፦ ሰሌዳው ላይ ግማሹን ብቻ ያነሳል ብለህ ጻፍ፣ ጭረት ቢቀር ማንም እሱን እንዳይወቅሰው።

ያቺን ያነደደችኝን መስመር ማለቷ ነው። እኔን ለማዋረድ የተጻፈች መስላኝ ስሰድባት የኖርኩትን።

ደብተሩን ተቀብያት ወጣሁ። ደረጃውን ስወጣ ቁጥሩ ጠፋኝ። ሰባተኛውን ረገጥኩት።

ያን ጊዜ ወዲያው ጽፌልህ ቢሆን ሰው እባል ነበር። አልጻፍኩም። እሱ ራሱ አመነ፣ ነገሩ አልፏል፣ አሁን ደህና ሥራ ይዟል ብዬ ተውኩት። በስልክ ፖሊሽ ላይ ነኝ አባባ፣ ትልልቅ መኪና ነው የሚሰጡኝ ብለኸኛላ። በዚያ ተጽናናሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን ባለ ጋራዡ ከአጠገቤ ቆሞ እንዲሁ በወሬ መሃል፣ ልጅዎ ካለበት ቦታ ደውለው ነበር እኮ፣ ስለ ሥራው ጠየቁኝ አለኝ። መቼ አልኩት። ገና እንደሄደ አለኝ። ምን አልካቸው አልኩት። እውነቱን ነዋ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሥራ ይወዳል፣ ግን ጠርዝ ያቃጥላል፣ ማሽን አትስጡት አልኳቸው አለ። እንግዲያው ምን እየሠራ ነው አልኩት። ጎማ ነው አሉ የሚያጥበው፣ ምንም አይደል፣ ወጣት ነው አለኝ።

አምስት ወር ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆመህ የሰው ጎማ እያጠብክ ነው ለካ። ትልልቅ መኪና ነው የሚሰጡኝ ትለኛለህ። አልዋሸህም፤ የትልልቅ መኪና ጎማም ጎማ ነው። ስለ እግርህ የጠየቅኩህ ለዚህ ነው። ከአባትህ አንድ ነገር ወርሰሃል፤ ደህና ነኝ ብሎ መዋሸት።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን አቋርጬዋለሁ። ወረቀት ላይ ለአንተ መናዘዝ ቀላል ነው፤ አንተ ድሮም ታውቀዋለህ። የማያውቀው ያ ባለ ጋራዥ ነው። ብዕሩን አስቀምጬ ተነሳሁ።

አሁን ዘጠነኛ ቀኔ ነው፣ ተመልሼ ተቀምጫለሁ። የሆነውን ልንገርህ።

ግቢው ውስጥ፣ በሁሉም ፊት ነው የነገርኩት። በሰው ፊት የዋሸሁትን ቢሮ ገብቼ በሹክሹክታ ላወራው አልፈለግኩም። የአዋላጇን ኮፈኖ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ አልነበረም፣ ልጄ ስፖንጅ ሊገዛ ሄዶ ነበር አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? አላመነኝም! አባባ፣ ልጅዎ ቢናፍቅዎ ነው እንጂ አለኝ። በአባቴ ዘመን እዚህ ግቢ ውስጥ ልጅ ሆኜ ሳይዎት፣ ከዚያ ወዲህም፣ አንድ ጠርዝ አቃጥለው አያውቁም፣ አሁን እሱን ለማዳን ብለው በራስዎ ላይ አይዋሹ አለኝ። ቀለም ቀቢዎቹም አባት ነው እኮ፣ ምን ያድርግ አሉ። አርባ አንድ ዓመት የገነባሁት ስም በሩ ላይ ቆሞ አላስገባም አለኝ። እኔ ነኝ አልኩ። አይደሉም አሉኝ። ስለ አንድ የተቃጠለ ጠርዝ ስንከራከር ያየን ሰው ሽልማት የምንሻማ ይመስለው ነበር።

በመጨረሻ ባለ ጋራዡ፣ እሺ እርስዎ ነዎት እንበል፣ ጥፍር የሚያህል ግራጫ ጥቁር መኪና ላይ ሲወጣ እንዴት ሳያዩት ቀሩ አለኝ።

ጥያቄው እሱ ነበር። አምስት ወር ሙሉ የሸሸሁት እሱን ነበር እንጂ ኮፈኖውን አልነበረም።

በሩ ላይ መኪና ቆሟል ወይ አልኩት። ቆሟል አለኝ። ታርጋውን አንብብ በለኝ አልኩት። ለምን አለ። በለኝ አልኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እሺ አባባ፣ ያንብቡልኝ አለኝ።

ቆምኩ። ጎማ ጠጋኙ መዶሻውን አስቀመጠ። የአየር መሙያው ማሽን እንኳ ጠፋ፣ ማን እንዳጠፋው አላውቅም። ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄድኩ። ሌላ ጨመርኩ። መኪናውን በእጄ እስክነካው ድረስ ሄድኩ።

ከዚህ በላይ አልጽፍልህም።

መጀመሪያ የተናገረው ጎማ ጠጋኙ ነው። አባባ፣ ያ መኪና እኮ ታርጋ የለውም፣ ገና አዲስ ነው፣ ቢያነቡት ኖሮ ነበር የምንደነግጠው አለኝ። እውነቱን ይሁን ውሸቱን አላጣራሁም። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ይህኛው ሳቅ አላሳፈረኝም። ባለ ጋራዡ ከቢሮው ወንበር አምጥቶ ከኋላዬ አስቀመጠልኝ። በዚያ ግቢ አርባ አንድ ዓመት ተቀምጬ አላውቅም። ተቀመጥኩ። ጎማ እይልኝ የሚለኝ አልነበረማ።

እዚያው ስልኩን አውጥቶ ወዳለህበት ደወለ፣ እኔ እንድሰማ ጮክ አድርጎ። ስለዚያ ልጅ የነገርኳችሁ ስህተት ነው፣ ሥራው የሌላ ሰው ነበር፣ ልጁ ጠርዝ ሳይሸፍን ማሽን የማያስነሳ ነው አላቸው። ያ አሠሪህ ቶሎ የሚያምን ሰው አይደለም፤ እሺ፣ ፊት ለፊቴ አንድ መኪና ይሥራና ልየው አለ። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ ጠይቀውህ ይሆናል። ካልጠየቁህ አንተ ሂድና ጠይቃቸው። ጥቁር ይስጡህ፤ ጥቁሩን ነው የምትችለው። ዋጋ ቁረጥ ካሉህ እንዳስተማርኩህ አትቁረጥ፣ እንዳስተማርከኝ ቁረጥ። መብራቱን ያዝ፣ ሦስቴ ዙር፣ የሚለቀውንና የማይለቀውን ፊት ለፊት ንገራቸው። ደግሞ የራስህን ድርሻ ዜሮ ብለህ እንዳትጽፍ።

እኔ ሥራ አልተውኩም። ነጭና ብርማ ብቻ፣ አንድ ዙር ብቻ። ፕላስተሩን እኔው እለጥፋለሁ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቴ እየተከተልኩ፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው ይላሉ። ትናንት አንዱ መጥቶ ስንት ነው አለኝ። ዘጠኝ መቶ፣ ግማሹ ይለቃል፣ ግማሹ ይቀራል አልኩት። እንዴ አባባ፣ እርስዎ ሁሉንም ያነሱ ነበር ሲባል ሰማሁ እኮ አለኝ። አነሳ ነበር፣ አሁን ግማሽ ነው አልኩት። ቃሉ በግድ ነው የወጣው። ግን ወጣ። ሰውየውም ምንም አልመሰለው፣ ቁልፉን ሰጥቶኝ ሄደ። ጎማ ጠጋኙ ግማሽ ፀጉር እንኳን ደስ አለዎት አለኝ።

እንግዲህ ልጄ፣ የምትይዘው ይቃናልህ። የቆምክበት መሬት ይድረቅልህ። እጅህ ያረፈበት ሁሉ ያብራ። እናትህ ካለችበት ሆና ትጠብቅህ። ከባልደረቦችህ መሃል አንተን አምኖ ቁልፉን የሚሰጥህ ሰው አይጥፋ።

ዕዳዎቼን ጽፌ ላብቃ። እኔው የምከፍላቸው ናቸው፤ አንዱንም እንዳትነካብኝ።

ለቀለም ቀቢው የከፈልከው ሁለት ሺህ ስምንት መቶ። ስድስት መቶውን ልብስ ሰፊዋ ዘንድ አስቀምጫለሁ፣ ቀሪውን በየመኪናው እጨምራለሁ። ለማሽንህ መግዣ ነው፣ ለቤት ኪራይ ብለህ እንዳታወጣው።

አዋላጇ። በሚመጣው እሑድ ቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ምን ብለው እንደሚሰድቡኝ አስቤዋለሁ፤ ከሚሉኝ ሁሉ የባሰውን ተዘጋጅቼበታለሁ፣ እሳቸው ግን ያላሰብኩትን ያገኙልኛል።

እናትህ። ልትለየን ሰሞን እጄን ይዛ ልጁን በሰው ፊት እንዳትናገረው፣ ድምፅህ ከባድ ነው ብላኝ ነበር። እሺ ብያት ነበር። ይህን እንዴት እንደምከፍላት አላውቅም፣ ግን ጽፌዋለሁ።

የዓይን ሐኪም። ልብስ ሰፊዋ ቀጠሮ አስይዛልኛለች። ማንም አይወስደኝም፣ መንገዱን ቆጥሬዋለሁ።

አንተ። ኮፈኖውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። እዚህ ጽፌዋለሁ፣ ግን ወረቀት አይቆጠርም፤ በአፌ፣ ፊት ለፊትህ ቆሜ ነው ልልህ የሚገባኝ። ስለዚህ ስትመጣ፣ በሩን ከፍተህ ስትገባ እንደ ልማድህ ዝም ብለህ አትቁምብኝ። አንድ ነገር በል። የት እንደቆምክ ልወቅ።

አባትህ